ሰማሁት ልበል ወይስ አነበብኩት?

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ስከፍት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ስለ ትረካ ሆነው አገኘኋቸው። ቀድሞ «ምን ላንብብ?» ነበር የምትሉኝ፤ አሁን «ምን ልስማ?» ሆኗል። ቅር አላለኝም። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው እጁን ከባናው ሳያወጣ አንድ ልብ ወለድ መጨረስ መቻሉን እንደ ጸጋ ቢቆጥረው አልፈርድበትም። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መደርደሪያ መካከል የጨረስኩ ሴት ነኝና ለወረቀት እንደማደላ ግን ከወዲሁ እወቁት። መልሶቼን ስታነቡ ይህንን ቀንሱላቸው።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ቤቴ ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ስመላለስ ፍቅር እስከ መቃብርን በስልኬ እየሰማሁ ጨረስኩት። ሰው በተሰበሰበበት ‹አንብቤዋለሁ› ብዬ ብናገር አንድ መምህር ጎረቤቴ ‹ሰማኸው እንጂ መቼ አነበብከው› ብሎ አሳቀብኝ። እውነቱ ከማን ጋር ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ በሰው ፊት ማሳቁ ነውር ነው። እሱን መጀመሪያ እንጨርሰው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙት በአገራችን ፊደል የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ሕዝቡ የመጽሐፉን ፍቅረኞች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በብዛት ያወቃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክላቸው ነው። በእኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት የትረካው ሰዓት ሲደርስ በሩ አይዘጋም ነበር፤ ፈትል የያዘችውም፣ ልጅ ያዘለችውም ገብታ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። እነዚያ እናቶች አንድ ፊደል ሳይለዩ ስለ ሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤት ልጅ ይከራከሩ ነበር፤ «አባቷ ናቸው ያጠፏት»፣ «የለም፣ እናቷ ዝም ባይሉ ኖሮ» እየተባባሉ። እነርሱን «መጽሐፉን አታውቁትም» የሚል ሰው ቢኖር መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ባላባቶች አንዱ ሆኖ መግባት ይገባው ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን አውቀኸዋል። ነገር ግን ጎረቤትህ ከነኩራቱ ሳያስበው የነካት አንዲት ነጥብ አለች፤ እርሷን እንደ ዋዛ አላልፋትም። ስትሰማ ከአንተ በፊት ያነበበልህ ሌላ ሰው አለ። የት ላይ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ፣ የቱን ቃል እንደሚጫን፣ ማንን አስቂኝ ማንን አሳዛኝ እንደሚያደርግ እርሱ ወስኖልሃል።

ለምሳሌ የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ውሰድ። እኔ መጽሐፉን በልጅነቴ ሳነብ ፊታውራሪው አንድም ቀን አላሳቁኝም። ሲቆጡ ቁጣቸው የአባቴን ይመስለኝ ስለነበር ገጹን ቶሎ ገልጬ ማለፍ ነበር የምፈልገው። ኋላ ትረካውን ስሰማ ግን እነዚያው መስመሮች ሆዴን እስኪያመኝ አሳቁኝ። የወጋየሁ ፊታውራሪ ሲፎክሩ ከፉከራው በስተጀርባ አንድ የፈራ ሽማግሌ ይሰማል። የትኛው ነው ትክክለኛው? ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ አሉ። አንተ ግን ያገኘኸው የወጋየሁን ነው፤ የራስህን ፊታውራሪ ገና አላየሃቸውም።

ደግሞ ጆሮ ፈጥኖ የሚያልፈው ነገር አለ። ጉዱ ካሣ ስለ አገሩ ሥርዓትና ልማድ ለበዛብህ የሚያጫውተውን ረጅም ንግግር አስታውስ። በወረቀት ላይ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነብና ጣትህን እዚያው ላይ አድርገህ ጣሪያ ታያለህ፤ «ይህ ሰው እውነቱን ነው እንዴ?» ትላለህ። ተራኪ ጣሪያ የምታይበት ጊዜ አይሰጥህም። መሪ ይዘህማ ወደ ኋላ ልመልሰው አትልም።

በተቃራኒው እኔ በወረቀት ላይ በችኮላ ያለፍኳት፣ በጆሮዬ ስሰማት ግን ያቆመችኝ ቦታ አለች፤ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጇ እንዲያድግላት የተሳለችው ስለት። ሳነብ «እሺ፣ ተሳለች» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ስሰማ ግን የእናት ልመና በሰው ድምፅ መጣብኝ፤ ያ ስለት በኋላ በልጁ ሕይወት ላይ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማውቅ «ኧረ ተይ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው። ለጎረቤትህ «ሰምቼዋለሁ» በለው፤ ቀና ብለህ። ከዚያ መጽሐፉን ግዛና ከአምስት መቶ በላይ ገጽ አለው ብለህ ሳትፈራ ስትሰማ ልብህን የነካውን አንድ ምዕራፍ ብቻ በዓይንህ አንብበው። ተራኪው ያላነሣውን አንዳች ነገር ካላገኘህበት ጎረቤትህንም እኔንም ስደበን።

ሌላም አለኝ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ትረካውን አጥፋው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥተህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማህ የምትወርድበት ጠመዝማዛ፣ ያውም በክረምት ጉም፣ ለልብ ወለድ የሚሆን ጆሮ የሚተርፍበት ቦታ አይደለም። በመንገድ ላይ በዛብህን የደረሰበት ይበቃናል።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ የፀጉር ሥራ ባለሙያ ነኝ። ኦሮማይን ከሁለት የተለያዩ ተራኪዎች ሰማሁት። አንደኛው ፊያሜታ ስትናገር ድምፁን እንደ ሴት ያቀጥነዋል። ሳቄ መጥቶ ፍቅራቸው ሁሉ ቀልድ ሆነብኝ። ወንድ ተራኪ የሴት ድምፅ ማስመሰል አለበት?»

መልስ፦ የለበትም እህቴ፤ በተለይ በኦሮማይ ላይ። ምክንያቱ ያለው በመጽሐፉ አሠራር ውስጥ ነው። ታሪኩን «እኔ» እያለ የሚነግረን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ራሱ ነው። አሥመራን የምናያት በእርሱ ዓይን ነው፤ ፊያሜታ ጊላይን የምንሰማትም በእርሱ አፍ ነው። እስቲ አንድ ወንድ የሚወዳት ሴት ያለችውን ነገር ለጓደኛው ሲደግም ልብ ብለሽ ስሚ፤ ሥራሽ ለዚህ ይመቻል። ድምፁን አያቀጥንም። ይልቁንም ዝግ ይላል፣ ቃሏን እንዳይሰብረው ይጠነቀቃል። ተራኪው ይህቺን ቢያስተውል ኖሮ ፊያሜታን ሳይሆን ፊያሜታን የሚያስታውሰውን ጸጋዬን ነበር የሚተርክልን። ያን ጊዜ አትስቂም።

ሌላው ተራኪሽ እንዲህ አድርጎ ከሆነ እርሱን ያዢ። መጽሐፉ የሚያወሳው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስብሰባና ንግግር ያለባቸው ገጾች ግን በማንም ተራኪ አፍ ይረዝማሉ፤ እነርሱ ላይ ለዓይን ነው የምፈርደው። ዓይን መዝለልም፣ መመለስም ያውቃል።

በነገራችን ላይ ይህ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ መስማት ለእኔ ዕድሜ ሰው አሁንም ያስደነግጣል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እኔ ያነበብኩት ቅጂ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የመጀመሪያ ቅጠሉ ተገንጥሎ ነው የደረሰኝ። ባለቤቱ «ሲነጋ መልሺ» ብሎኝ ስለነበር ኩራዝ አብርቼ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። በቀደም ገበያ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ልጁ በድምፅ ማጉያ ከፍቶት ስሰማ ሳላስበው ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ማን እንዲሰማብኝ ፈርቼ እንደሆነ እንጃ።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ አገሬ ደብረ ሲና። ‹አደፍርስ ስለ እኛ አገር የተጻፈ ነው› ብለውኝ ጀመርኩት። ማን እየተናገረ እንደሆነ አልገባ አለኝ። ትረካ ፈልጌ ልስማው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ እንዳትተወው! ከጎንደር ወይም ከጅማ ብትጽፍልኝ ኖሮ «ቆይ፣ በኋላ ትመለስበታለህ» እልህ ነበር። አንተ ግን ይህን መጽሐፍ ለማንበብ ከማንም በተሻለ ቦታ ላይ ተቀምጠህ ነው የምታማርረው።

ዳኛቸው ወርቁ የከተማህ ልጅ ነው። አደፍርስን ያሳተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣ አደፍርስ የሚባል አንድ ወጣት አስተማሪ፣ ርስታቸውን አጥብቀው የያዙት ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ልጃቸው ጽዮን፣ የቤት ሠራተኛዋ ጎርፉ፣ የነፍስ አባቱ አባ አዲሴ፣ ሁሉም በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ይነጋገራሉ። መጽሐፉ ከሌሎች ልብ ወለዶች የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው «አለ»፣ «አለች»፣ «ብሎ መለሰለት» እያለ እጅህን ይዞ አይወስድህም። ሰዎቹን ያናግራቸውና ከመሐል ይወጣል። ተናጋሪውን በአነጋገሩ መለየት ያንተ ሥራ ነው። ሰውየው ይህን ያደረገው በቸልተኝነት እንዳይመስልህ፤ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የሚል መጽሐፍ ጽፎ ሌላውን ያስተማረ ነው።

እኛ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት ሴቶች አለን። አደፍርስን ስንጀምር እኛም እንዳንተ ተቸገርን። በኋላ ላይ ድርሻ ተከፋፈልን፤ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ይዘን የእርሱን ንግግር ብቻ ጮክ ብለን ማንበብ። ወይዘሮ አሰጋሽ የደረሰቻት ከደብረ ሲና መጥታ እዚህ ያገባች፣ ቆሎ ቆልታ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ትምህርቷ ብዙ አይደለም፤ በመጀመሪያ «እኔ አላበላሽባችሁ» ብላ ነበር። ከእርሷ በፊት ያንኑ ንግግር አማርኛ ያስተማረች ጓደኛችን አንብባው ነበር፤ ነጠላ ሰረዙን ሁሉ አክብራ፣ እንደ ፈተና ወረቀት። ቆሎ ሻጯ ስታነበው ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች፤ ዓይኗን ከገጹ አንሥታ በር በሩን እያየች፣ እዚያ የቆመ አገልጋይ ያለ ይመስል ትቆጣ ጀመር። የት ማረፍ እንዳለባት ማንም አልነገራትም። እኛ «ምን ማለት ነው?» ብለን የተጨቃጨቅንበትን መስመር እርሷ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፤ ገባንም። ስትጨርስ «እናቴን ነው እኮ የጻፋት!» አለችና ቀና ብላ ስኒዋን አነሣች።

ስለዚህ ትረካ አትፈልግ፤ ራስህ ተርከው። ቤት ውስጥ አያት ካሉህ እርሳቸው አጠገብ ተቀምጠህ ወይዘሮ አሰጋሽንና አባ አዲሴን ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ሲስቁ ወይም «ውሸት ነው፣ እንዲህ አይባልም» ሲሉ ልብ በል። የግልህ ቅጂ ከሆነ ደግሞ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተናጋሪውን የመጀመሪያ ፊደል እየጻፍክ ሂድ። የቤተ መጻሕፍት ከሆነ እንዳትሞክራት፤ እንዲህ ያደረጉትን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

የግል አስተያየቴን ከፈለግህ፣ አደፍርስ ራሱ ያደክመኛል። ብዙ ያወራል፣ ሁሉን ነገር ለማስረዳት ይሞክራል፤ ከፊቱ ያለው ሰው እየሰማው እንደሆነ ግን ቀና ብሎ አያይም። ደራሲው ይህን እያወቀ እንዳደረገው አምናለሁ። ጎርፉ አፏን በከፈተች ቁጥር ግን ወንበሬን እጠጋለሁ። መጨረሻውን አልነግርህም፤ ማንም እንዳይነግርህም ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ «ትረካዎችን ፍጥነታቸውን እጥፍ አድርጌ ነው የምሰማው። በሳምንት ሦስት ልብ ወለድ እጨርሳለሁ። ጓደኞቼ ይቀልዱብኛል፤ ምን ችግር አለው?»

መልስ፦ ዜና ከሆነ ምንም። ልብ ወለድ ከሆነ ግን አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን በአንድ ብርጭቆ ደባልቆ ጨልጦ «ቡና ጠጣሁ» እንደ ማለት ነው። ከሦስቱ የአንዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ስም ጻፍልኝና እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ «መሀል ሜዳ ነው የምንኖረው። አማቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ዳዊታቸውን መድገም አቃታቸው። ቀኑ ይረዝምባቸዋል። ምን ዓይነት ልብ ወለድ ባሰማቸው ይወዳሉ? ‹ተረት አልሰማም› ይላሉ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከልብ ወለዱ በፊት ሐኪም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ብዙ ሰው «እርጅና ነው» እያለ ሳያስፈልግ በጨለማ ይቀመጣል። የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። ዳዊታቸውን መልሰው ሊደግሙ ይችሉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የእኔም ምክር አያስፈልግሽም።

እስከዚያው የዓለማየሁ ዋሴን እመጓ ሞክሪላቸው። መጽሐፉ ወደ መንዝ ይወስዳል፤ ገዳሙም፣ ገደሉም፣ ብርዱም የእርሳቸው አገር ነው። የተተረከውን ብታገኚ መልካም፤ ካላገኘሽ አንቺው አንብቢላቸው፤ እንዲያውም ይሻላል። በየመሐሉ «የለም፣ መንገዱ በዚያ አይደለም» ብለው ማቋረጣቸው አይቀርም። ሲያቋርጡሽ አትሰልቺ፤ መጽሐፉን ዝጊና የእርሳቸውን መንገድ ስሚ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ስለሚያውቁት አገር ሳነብላቸው ከመጽሐፉ ይልቅ እርሳቸው ያረሙት ረዝሞ ነበር፤ እኔም የበለጠ የተማርኩት ከእርማቱ ነው።

«ተረት አልሰማም» ለሚሉትም፣ «ልብ ወለድ» የሚለውን አታንሺባቸው። «አንድ ሰው ወደ መንዝ መጥቶ ያየውን ጽፏል» በያቸው። የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ አታድርጊላቸው፤ ከቤተሰቡ ይነጥላቸዋል። ስልኩን ከፍ ወዳለ ቦታ፣ መስኮቱ ላይ ወይም ቁም ሣጥኑ ላይ አድርጊው፤ እንጀራ የምትጋግረውም ትስማ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከአረቲ ነው የምጽፈው። ልጆቼ በቴሌግራም በነፃ የሚለቀቁ ትረካዎችን ይሰማሉ። ማንበብ መውደዳቸው ደስ ቢለኝም የደራሲው ድርሻ የት እንደገባ አልገባኝም። ሕጉ ምን ይላል?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል፤ ማንም የማይጠይቀኝ ይህንን ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን የሚጠብቀው ሕግ ነው። ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ፣ ለሕዝብ ማቅረብ የደራሲው መብት ነው። ልብ ወለድን በድምፅ ቀድቶ መበተንም ከዚህ አይወጣም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቆያል፤ ሲሞት ለወራሾቹ ተላልፎ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የእርሳቸው መጻሕፍት እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አላቸው። «አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ የማንም አይደለም» የሚሉዎት ሁሉ ተሳስተዋል።

ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የሚተርክ ወጣት ብዙውን ጊዜ ክፋት የለበትም፤ የወደደውን ማካፈል ነው የፈለገው። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። በአገራችን ደራሲ ከአንድ እትም የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ያቺኑ ጥቂት የሚገዛው ሰው «በነፃ ሰምቼው የለ» ብሎ ሲቀር ሁለተኛው እትም አይታሰብም። እኔ መግቢያው ላይ ፈቃዱን ማን እንደሰጠ የማይናገር ትረካ ከጀመርኩ እንኳን እተወዋለሁ። አንዳንዱን መተው በጣም ነው የሚከብደኝ፤ አንድ በሚያምር ወፍራም ድምፅ የተተረከ ሥራ እስካሁን ግማሹ ላይ ቆሞ ያስጎመጀኛል።

ልጆችዎን ግን በዚህ ምክንያት አይቆጧቸው፤ ከጆሮ ማዳመጫው ወደ ሌላ ነገር ነው የሚሸሹት። በሕጋዊ መንገድ፣ ከደራሲዎች ጋር ተዋውለው ትረካ የሚያቀርቡ መተግበሪያዎች አሉ። በስልክ እንዴት እንደሚከፈል ልጆችዎ ከእርስዎ በተሻለ ያውቃሉ፤ ገንዘቡን ብቻ እርስዎ ይስጧቸው።